አዛውር ለሀ

በቀለም መቀቢያ ብሩሽ የሚዛኑን መቆጣጠሪያ ሣጥን ከስንዴ ብናኝ እያጸዳሁ ነበር። ብሩሹ የተገዛው ለግድግዳ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን እንዲገዛልኝ ካመለከትኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ጓድ ሰብስቤ ሳያንኳኳ ገባና አንድ ወረቀት ሣጥኑ ላይ አኖረ፤ ገና አሁን በጠረግኩት ቦታ ላይ።

«ፈርሚ» አለኝ።

አነበብኩት። የሚዛኑ ቴክኒሽያን እኔ ሮማነወርቅ አብተው ማሽኑ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ አረጋግጣለሁ፤ በጆንያዎቹ ላይ የታየው ጉድለት በማሽን አለመሆኑን አረጋግጣለሁ፤ በሰው እጅ የተፈጸመ መሆኑንም አረጋግጣለሁ ይላል። ሦስት ጊዜ «አረጋግጣለሁ»። በእርግጥ አረጋግጬ ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበቃኝ ነበር።

«የሰው እጅ» የተባለው የጋሽ ጂብሪል እጅ ነው። ጋሽ ጂብሪል ጆንያ ሚዛን ላይ ሲሰቅሉ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ጣቢያችን ከአዳማ ወደ አሰላ መውጫ ላይ ነው። ከአቦምሳና ከአካባቢው የሚመጣውን ስንዴ ተቀብለን፣ አበጥረን፣ መቶ መቶ ኪሎ እያደረግን በጆንያ ሞልተን ሞጆ ላለው ወፍጮ እንልካለን። በመጋቢት ወር፣ በ1980 ዓ.ም.፣ የሞጆ ሰዎች ሦስት መኪና ጭነታችንን ጆንያ ጆንያውን እየገለበጡ መዘኑት። እያንዳንዱ ጆንያ አንድ ኪሎ ጎደለ። ዘጠኝ መቶ ጆንያ፣ ዘጠኝ መቶ ኪሎ። የመጣው ደብዳቤ ላይ «አሻጥር» የሚል ቃል ነበረበት። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ጡረታውን አያገኝም፤ አንዳንዱማ የቤቱን በርም መልሶ አያገኝም።

«አይቼው ልፈርም» አልኩ።

«ምኑ ነው የሚታየው? ያየሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጂብሪልን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ከዚያ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ እንዳገኘው።»

ሰብስቤ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ኪየቭ ስድስት ዓመት ተምሯል። ይህን የማያውቅ ሰው በጣቢያው ውስጥ የለም፤ ዘበኛውም ያውቃል፤ የዘበኛው ውሻም ሳታውቅ አትቀርም። የተማረበት ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ የሚይዝ ነበር። የእኛን የሚዛን ሣጥን «መጫወቻ» ይለዋል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያህል ስለሆነ ንቆት ነው፤ የማሽን ዕውቀት በካሬ ሜትር የሚለካ ይመስለዋል። ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ይሰካል። ሦስቱ አይጽፉም።

እኔ የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ ነው። ሚዛኑን የገጠመው ጀርመናዊ ሁለት ወር ከጎኑ አስቀምጦ አሠራሩን አሳየኝና መጽሐፉን ትቶልኝ ሄደ። ሁለት ወርና አንድ መጽሐፍ፤ ሌላ የለኝም። ሰው በተሰበሰበበት መናገርም አልችልም። አፌን ስከፍት ድምፄ ይጠፋና ሌላ ሰው ቀድሞኝ ይናገራል። ሰብስቤ ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ወረቀቱን ባዶ ሳይሆን ተጽፎ ያለቀ ያመጣልኝ።

ብሩሹን አስቀምጬ ወደ ሚዛኑ ወረድኩ።

ጋሽ ጂብሪል ሥራ ላይ ነበሩ። ሰው ከሰዓት በኋላ ሊፈርዱበት እንደሆነ እያወቀ ጠዋት ሥራውን ሲሠራ ማየት ያሳፍራል፤ ያፈርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ እንደ ዘወትራቸው። እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጃቸው አይደለሁም፤ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

ባዶ ጆንያ ሰቅለው ቁልፉን እንዲጫኑልኝ ጠየቅኋቸው። ሰቀሉ፤ ተጫኑ። ቀዩ ቁጥር አንድ ላይ ቆመ።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ ነግሬአችኋለሁ» አሉ። «ድሮ ባዶውን ሰቅዬ ስጫን ዜሮ ይል ነበር። አሁን አንድ ብሎ ይቆማል። ማሽኑ ጆንያውንም ስንዴ ነው ብሎታል።»

እውነት ነው፤ ነግረውናል። ሰብስቤ በሰው ፊት ጂብሪል ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆነው ብሎ አሳቀባቸው። ለኔም ነግረውኝ ነበር። እኔ ያልኳቸውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ጆንያው እርጥብ ይሆናል አልኩ። በጥር ወር፣ አዳማ ላይ፣ ጠብታ ከሰማይ ካልወረደ ሦስት ወር ባለፈበት። ሰብስቤን ስንቅ ይህችን እርጥብ ጆንያዬን ለብቻዬ ይዤ ነው።

ወደ ላይ ተመልሼ ሣጥኑን ፈታሁና ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቺፕ አወጣሁ። ማንበቢያው ላይ ሰክቼ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በእርሳስ ገለበጥኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ጓዳዎች አሉ። አንዱን ሀ፣ አንዱን ለ እንበላቸው። ባዶው ጆንያ ሲሰቀል ክብደቱ ሀ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ለ ተዛውሮ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም ስንዴው ሲፈስ ሀ በአዲሱ ክብደት ይያዛል። ማሽኑ ሀ ላይ ካለው ለ ላይ ያለውን ይቀንሳል፤ የቀረው መቶ ኪሎ ሲሞላ ማፍሰሱን ያቆማል። ጆንያው ተቀንሶ ንጹሕ ስንዴ መቶ ይሆናል ማለት ነው። ሀን ወደ ለ የሚያዛውረው ትእዛዝ በጀርመናዊው መጽሐፍ «ሞቭ ቢ፣ ኤ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቺፑ ላይ ቁጥሩ 47 ነው።

እኔ ቺፑ ላይ ያገኘሁት 78 ነው። ሰባ ስምንት የተገላቢጦሹ ነው፤ ለን ወደ ሀ ያዛውራል። ለ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ዜሮ ይደረጋል፤ ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም ሳያስገባበት ዜሮ ሆኖ ይውላል። ስለዚህ ከጆንያው ክብደት የሚቀነስ ነገር የለም። ጆንያና ስንዴ አብረው መቶ ሲሞሉ ማሽኑ ይበቃል ይላል። የጎደለው የጆንያው ክብደት ነው።

ቺፑን በታኅሣሥ የጻፈው ሰብስቤ ነው። መብራት ድንገት በርትቶ የድሮውን ሲያቃጥለው እኔ እናቴን ላስታምም ፈቃድ ወስጄ ነበር። ስመለስ ሰብስቤ መጫወቻውን በአንድ ከሰዓት እንዴት እንዳስነሳው ለሁሉም ነግሮ ጨርሷል።

እንዴት እንደተሳሳተ ለማወቅ ፋይሉን አወጣሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከዋናው መሥሪያ ቤት ማንኛውም የቴክኒክ ሰነድ በአማርኛ ይሁን የሚል መመሪያ ወርዶ ነበር። መመሪያውን የጻፈው ሰው የቴክኒክ ሰነድ አይቶ እንደማያውቅ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። የሆነ ሆኖ ተረጎምኩ። «ሞቭ» የሚለውን «አዛውር» አልኩት፤ መሥሪያ ቤታችን ከዝውውር በተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። «ኤ»ን ሀ፣ «ቢ»ን ለ አደረግኳቸው። ስለዚህ «ሞቭ ቢ፣ ኤ» በእጄ ጽሑፍ «አዛውር ለ፣ ሀ» ሆነ።

በታይፕ የተመታው ወረቀት ላይ ያለው ግን «አዛውር ለሀ» ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዘርፉ ሄድኩ። ዘርፉ የጣቢያው ታይፒስት ናት፤ የኃላፊዎችን ሰዋስው ሳትጠየቅ ታርማለች፤ ደግሞም ታርማለች ብለው ይፈሯታል።

«እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ አልነበረም?» አልኳት።

«ነበረ፤ አነሳሁት። ለ ብቻዋን አትቆምም፣ እህቴ። ከሚከተላት ቃል ጋር ትያያዛለች። ይህን ያስተማሩሽ አራተኛ ክፍል ነው።»

«ለሀ ሲል ሀ ማን ነው ብለሽ አልጠየቅሽም?»

«ጠይቄያለሁ እንጂ። ጓድ ሰብስቤን ጠየቅሁት። እንዲያውም ገና አሁን ነው የተስተካከለው አለኝና ፈረመበት።»

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሰብስቤ በተማረበት ትልቁ ማሽን ሰጪው ይቀድማል፣ ተቀባዩ ይከተላል። የእኛ ትንሹ ማሽን ተቀባዩን ያስቀድማል። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። ሰብስቤ የእኔን «ለ፣ ሀ» በኪየቭ ልማዱ ሲያነበው ለ ሰጪ ሆነ፣ ሀ ተቀባይ። የዘርፉን «ለሀ» በአማርኛ ሲያነበው ደግሞ ያው ሀ ተቀባይ ሆነ። ሁለት ስሕተት ተገናኝተው ሲስማሙ እውነት ያገኘ መሰለው። ከዚያ የትኛው ቁጥር ከየት ወደ የት እንደሚያዛውር የሚያሳየውን የመጽሐፉን ሰንጠረዥ በትክክል አነበበ፤ የተሳሳተውን ነገር በትክክል ፈልጎ በትክክል አገኘው። ሰባ ስምንት።

ቢሮው ስገባ ሰብስቤ ደብዳቤ እየፈረመ ነበር።

«ፈረምሽ?»

«ሰባ ስምንት ጽፈዋል» አልኩ። «አርባ ሰባት ነበር።»

 ቺፑን፣ ወረቀቱን፣ ሀንና ለን፣ የተቀባዩን መቅደም ነገርኩት። ለአንድ ሰው ሲሆን እችላለሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ይህም የጨዋነት አልነበረም።

«ስድስት ዓመት ተምሬ መጥቼ» አለ፣ «ከአንቺ ሀ ለ ልቁጠር?»

«የኪየቩ ማሽን እንደ ሹፌሮች ወረቀት ነው» አልኩ። «ከአቦምሳ ወደ አዳማ ይላል። ይሄኛው ግን እንደ ደብዳቤ ነው፤ የሚቀበለውን ያስቀድማል። ይኸው እርስዎም አሁን የሚፈርሙት ‹ለ› ብሎ ነው የሚጀምረው።»

ሳያስበው ወደ ደብዳቤው አየ። ወዲያው በማየቱ ተናደደ።

«በሰለጠነ አገር ዕቃ መጀመሪያ ከሰጪው እጅ ይወጣል። ከዚያ ነው ተቀባይ የሚመጣው። ከኋላ ወደ ፊት የሚያነብ ማሽን የለም፤ ከኋላ ወደ ፊት የምታነቢ አንቺ ነሽ።» ደብዳቤውን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተው። «ዝውውር እንዲገባሽ ላስረዳሽ? ከአዳማ ወደ አሰብ። ይሄስ አጻጻፍ ተመቸሽ?»

 ወረቀቱን ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ይህን እዚህ የምጽፈው ደፋር ነበረች እንዳይባል ነው። አሰብ ሙቀቷ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እናቴን ማን እንደሚያስታምም ግን አላውቅም ነበር።

ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተቀመጠ። ሰባት ናቸው። አምስቱ ለማጨብጨብ የተመረጡ ሰዎች ስለሆኑ ስማቸው አያስፈልግም። ስድስተኛው ሰብስቤ ነው፤ በከሳሽነትም፣ በዳኝነትም፣ በባለሙያነትም ተገኝቷል። ሰብሳቢው አቶ ወልደአማኑኤል ይባላሉ፤ ለሃያ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ ደህና ንግግር አይችሉም፤ ጆንያ ግን ያውቃሉ። በግቢው ውስጥ የማልንቀው ኃላፊ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሱም ለዚያ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ጂብሪል ከግድግዳው ጥግ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። ልብሳቸውን ለፍርድ ቀይረው ነው የመጡት።

ሰብስቤ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ኪየቭን ሦስት ጊዜ አነሳ፤ ስንዴውን አንድ ጊዜ። ማሽን አይዋሽም፣ አይራብም፣ ዘመድ የለውም አለ። አምስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ የቴክኒሽያኗ ማረጋገጫ ይነበብ አለና ወደ እኔ ዞረ።

ተነሳሁ። ያሰብኩት ሁሉ፣ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ አርባ ሰባቱ፣ ጠፋብኝ። ሰባት ሰው ያየኛል። አንደኛው ማዛጋት ጀምሯል። ስለ ጓዳ ባወራ ማንም እንደማይሰማኝ ገባኝ፤ ወደ አቶ ወልደአማኑኤል ብቻ አየሁ።

«ባዶ ጆንያ ይመዘን» አልኩ።

ሌላ አልወጣኝም። ሰብስቤ ሳቀና ስብሰባው ላይ ቀልድ የተጨመረው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ወልደአማኑኤል ግን ሳይስቁ ከመጋዘን የእጅ ሚዛንና አንድ ጆንያ አስመጡ። ራሳቸው አጥፈው፣ ራሳቸው አንጠልጥለው አነበቡ።

«አንድ ኪሎ» አሉ። የሞጆን ወረቀት አነሱና መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንድ። አንድ። አንድ። አንድ።» ወረቀቱን አስቀመጡት። «እኔ መጋዘን ውስጥ ብዙ ሌባ ይዣለሁ። ሌባ ካንዱ ሦስት ይወስዳል፣ ካንዱ ይረሳል፣ ካንዱ ሰው ሲመጣበት ትቶ ይሮጣል። ዘጠኝ መቶ ጆንያ ላይ እንዲህ እኩል የሚሰርቅ ሌባ ካለ እኔ መጋዘን ውስጥ ልቅጠረው።»

ከአምስቱ ሁለቱ ሳቁ፤ ከዚያ ማን እንደሳቀ ለማየት ዞሩ።

ሰብስቤ ፕሮግራሙን ራሱ እንደጻፈው፣ በተፈረመ የአማርኛ ሰነድ መሠረት እንደጻፈው ተናገረ። ይህ ጥሩ አልነበረም፤ ለእሱ። አቶ ወልደአማኑኤል ሰነዱን ይዤው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ጣቴን በመስመሩ ላይ አደረግኩላቸው።

«አዛውር ለሀ» ብለው አነበቡ።  ደግመው አነበቡ። «ለሀ ማን ናት?»

«የሞጆ ሴት ትሆናለች» አለ የሚያዛጋው።

ሲስቁ ድምፄ ተመለሰ። ሰው ሲስቅ አያይም። ለ መስተዋድድ እንዳልሆነች፣ እንደ ሀ ሁሉ የዕቃ ቤት ስም እንደሆነች፣ በመካከላቸው ሰረዝ እንደነበረ፣ ማሽኑ የሚቀበለውን እንደሚያስቀድም ነገርኳቸው። መጋዘን ቁጥር ሀና መጋዘን ቁጥር ለ አልኳቸው። አቶ ወልደአማኑኤል ወዲያው ገባቸው።

«ከባዶው መጋዘን ወደ ሙሉው አዛውሮ ነዋ» አሉ ሰብስቤን እያዩ። «ምንም ከሌለበት።»

ሰብስቤ በሠለጠኑ አገሮች ስላለው አጻጻፍ መናገር ጀመረ። አቶ ወልደአማኑኤል እጃቸውን አነሱና ወደ ጥግ ዞሩ።

«ጂብሪል፣ የምትለው አለህ?»

ጋሽ ጂብሪል ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ድሮ ዜሮ ይል ነበር» አሉ። «ነግሬአቸዋለሁ።»

ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በማግስቱ ነው። ጉድለቱ «በማሽኑና በአማርኛ ቋንቋ መካከል በተፈጠረ አለመግባባት» የደረሰ ነው ይላል። ጥፋተኛ የለም። ጂብሪል ወደ ሥራ ገበታቸው ይመለሱ ይላል፤ ከሥራ ገበታቸው አንድ ሰዓት ያህል እንኳ አልተለዩም ነበር። ነገሩን አጥንቶ የሚያቀርብ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ሰብሳቢውም ጓድ ሰብስቤ እንዲሆን ተወስኗል። ይህን ሳነብ አልገረመኝም። ስለ አሰብ ያነሳ የለም፤ ያልተነሳ ነገር ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን ቀረ ማለት አይደለም።

ጋሽ ጂብሪል ግን ማታ ወደ ቤታቸው ሄደው ጠዋት ተመልሰው መጡ። እኔ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር።

ቺፑን፣ የተጻፈበትን በሚያጠፋው ልዩ መብራት ሥር ሃያ ደቂቃ አስቀመጥኩት። ቁጥሮቹን ሁሉ መልሼ ጻፍኩ፤ ሰባ ስምንት በነበረበት አርባ ሰባት። ጋሽ ጂብሪል ባዶ ጆንያ ሰቅለው ተጫኑ፤ ቁጥሩን አይተው ወደ እኔ ሳይዞሩ የስንዴውን መዝጊያ ከፈቱ። 

የቀረው ወረቀቱ ነበር። በእርሳስ አዲሱን መስመር ጻፍኩ፦ «ሀ ውስጥ ያለውን ቁጥር ለ በተባለው ቦታ አስቀምጥ።» ዘርፉ ተቀብላኝ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የምታርመው ስታጣ ደስ አላላትም።

«ይሄ እንኳ አማርኛ ነው» አለችና መታችው።

ሰብስቤ ሳያነብ ፈረመ። ከፊርማው በላይ «ያረመው» ብሎ ስሙን በትልቁ ጨመረበት። ተውኩት። ወረቀቱን በመብሻው በሳሁ፤ አሮጌውን ከፋይሉ አውጥቼ አዲሱን በቦታው አስገባሁ፤ ቀለበቱን ቆለፍኩና ፋይሉን መደርደሪያው ላይ አቆምኩት።